ስለሚጥል ደዌ ምክርና ርዳታ ለሚሹ

የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወገኖቼ፤ በሕክምና ሙያ ያሳለፍኋቸው ዓመታት እንዳስተማሩኝ፣ የሚጥል በሽታ ያደረበት ልጅ ያላት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣው፣ አስቀድማ ከሐሜት ሸሽታ፣ ክብሪት አስሸትታና ጠበል አስጠምቃ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕፃኑ ምድጃ ላይ ወድቆ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ጥበበ ሕክምናም የፈጣሪ ስጦታ ነውና ኪኒኑን ከጠበሉ ጋር መውሰድ ሃይማኖትን አይነካም።

ደዌው በአንጎል ሕዋሳት መካከል የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መልእክት በድንገት ሥርዓቱን ሲስት የሚነሣ እንጂ በምራቅ የሚተላለፍ አይደለምና፣ የወደቀውን ሳትፈሩ ከእሳት አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉም ማንኪያ አታግቡ፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። (ክብሪቱ ለምድጃው ይቆይ።)

ምክር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መድከም አያሻም፤ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትጠይቁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ነገሩ ከበረታም ወደ ወልድያ ሆስፒታል የሚያደርሰውን መንገድ ታሳያችኋለች። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ፌኖባርቢታል ዋጋው ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ሕመሙ ታገሠ ብሎ በድንገት ያቋረጠው ሰው ደዌው በርትቶ ሊመለስበት ይችላል። በደዌው ወድቆ ወይም ተቃጥሎ እግሩ ለተጎዳ በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ በአካል ጉዳቱ ከሥራ ለተገፋም አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይሟገትለታል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ፣ ታማሚው ራሱ የሆነውን ስለማያስታውስ፣ ሲወድቅ በዓይኑ ያየውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።