የቆጡን ስናወርድ የብብቱን እንዳንጥል፤ ስለ ወጥ ቤት ቁም ሳጥን አመራረጥ



«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ቆጥ በድሮው ቤት ከራስ በላይ እንጨት ተረብርቦ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የእናቶቻችን ቁም ሳጥን እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በቆጡ ፈንታ በር ያለው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን እየገባ ነው። መግባቱ መልካም ነው። ሳይመረጥ ሲገባ ግን ተረቱ በእኛው ላይ ይፈጸማል። እኛ ሠልጣኞች ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ፣ በመጀመሪያ ደመወዛችን የምንገዛው ድስትና ሳሕን፣ ቀጥሎም ማስቀመጫቸው ነውና ነገሩ ይመለከተናል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሡኝ ጀልዴሳ ያሉት አክስቴ ናቸው። አክስቴ ከፍየል ሽያጭ ገንዘብ አጠራቅመው ከድሬዳዋ ነጭ ቁም ሳጥን አስመጡ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ዕቃው ግን የተሠራው ከቺፑድ ነው። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ ከሙጫ ጋር ተጨፍልቆ የሚወጣ ሰሌዳ ነው። ላዩ በስስ ፕላስቲክ ስለሚሸፈን ያምራል፤ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ግን ውኃ ይጠጣና ያብጣል። አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። የአክስቴ ወጥ ቤት ወለሉ አፈር ነው፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ ይፈስበታል። ዓመት ሳይሞላ የቁም ሳጥኑ ሥር አበጠ፣ የበሩ ማጠፊያ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ። ከጀርባው ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ገባበት።

ከሁሉ የከፋው ግን የመሶቡ ነገር ነው። እናታቸው በእጃቸው ሰፍተው የሰጧቸው መሶብ «ከአቧራ ይዳን» ተብሎ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ በር ተዘግቶበት ሻገተ። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ቢታጠን ሽታው አልለቅ አለ። አክስቴም «ቁም ሳጥኑስ ይሁን፣ በገንዘብ ይተካል። የእናቴን እጅ ከየት አመጣዋለሁ?» አሉ። ተረቱ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለመሆኑ ስሕተቱ ምን ላይ ነው? ቁም ሳጥኑ የተመረጠው በመልኩ ነው እንጂ በሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዕቃን መቁጠርና መለካት ነው። በፋብሪካ ልክ የሚሠራው ዘመናዊ ቁም ሳጥን መሬት የሚቆመው ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ደግሞ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ልክ ለሳሕንና ለብርጭቆ ይበቃል። የእኛ ምጣድና ሰፌድ ግን 50 እና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። እንግዲህ ከላይኛው ሣጥን አይገቡም፤ ከታችኛውም ጠርዝ ለጠርዝ ነው። ታቹ ክብ የሆነ ጀበናም ማቶት ከሌለው ለጥ ባለ መደርደሪያ ላይ ይንከባለላል። ሜትር ይዞ ያልሄደ ሰው ቁም ሳጥን ገዝቶ፣ ዕቃውን መሬት ላይ ደርድሮ ይኖራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ዕቃን በጠባዩ መለየት ነው። አቧራ የሚጠላ አለ፤ እርጥበት የሚጠላም አለ። ስኒ፣ ብርጭቆ፣ ስኳር፣ ቅመም በር ያለው ቦታ ይወዳሉ። መሶብ፣ አገልግል፣ ሰፌድና የሸክላ ዕቃ ግን አየር ይፈልጋሉ። በዚህ ረገድ አካባቢያችን ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበችው ሐረር ጀጎል የሄደ ሰው የቤቱን አሠራር ያስተውል። ነደባ ከሚባሉት አምስት መደቦች በላይ፣ በግድግዳው ውስጥ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ ዕቃው እዚያ ይደረደራል። ስፌቱ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጌጥ ይመስለናል እንጂ ስፌት ሲሰቀል አየር ያገኛል፣ ከአይጥና ከምስጥም ይርቃል።

ጀልዴሳም የራሷ ብልሃት አላት። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የግመል ነጋዴ ማረፊያው ጀልዴሳ ነበረች። በዚያ ቆላ የሚኖረው የሶማሌ አርብቶ አደር ቤቱን ነቅሎ በግመል የሚጭን ስለሆነ፣ ዕቃው ቀላል፣ የማይሰበርና የሚንጠለጠል ነው። ዲል የሚባለው የወተት ዕቃ በጭስ ታጥኖ ይንጠለጠላል። በር ቢዘጋበት ኖሮ ምን እንደሚሆን ከአክስቴ መሶብ መማር ይበቃል።

ታዲያ ዘመናዊው ነገር ይቅር ማለቴ ነው? አይደለም። እንዲያውም ዘመናዊው የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሲጀመር የመጣው ሥራን ከማየት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት በጀርመን አገር ለፍራንክፈርት ከተማ ቤቶች አንድ ወጥ ቤት ነደፈች። የቤት እመቤቷ እርምጃ እንዲያጥር፣ ሁሉ ነገር በእጅ የሚደረስበት እንዲሆን አስባ ነው የሠራችው። የዱቄት መሳቢያውን ከኦክ እንጨት ያደረገችው ነቀዝ እንዳይደፍረው ነው። እንግዲህ ልንወስድ የሚገባን ነጩን ቀለም ሳይሆን ይህን አስተሳሰብ ነው። እሷ የአገሯን ዱቄት አሰበች፤ እኛም የአገራችንን መሶብና ጀበና እናስብ።

ሦስተኛው ሥራ እንጨቱን መምረጥ ነው። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል። ዋንዛ ለአናጢ እጅ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መድረቁን መጠየቅ ነው። ቆላውን የወረረው ፕሮሶፒስ እንኳ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለእግርና ለአጭር ቁራጭ ያገለግላል። ቺፑድም ቢሆን ጠርዙ ታሽጎ፣ ሲሚንቶ ወለል ባለው ደረቅ ክፍል ውስጥ ከሆነ አይናቅም። ምንም ዓይነት እንጨት ይሁን እግር ይኑረው፤ እግሩም በድንጋይ ላይ ይቁም። ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ይራቅ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ስለሚወጣ፣ መንገዱ ሲታይ ወዲያው ማፍረስ ይቻላል። ከከሰል ምድጃውም ይራቅ፤ ሙቀት ሙጫ ያላቅቃል።

አክስቴ በመጨረሻ የሠፈራቸውን አናጢ አስጠሩ። አናጢው «እትዬ፣ ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» ቢላቸው «መጀመሪያ ዕቃዬን እይ» አሉት። ሥሩ ባለ እግር፣ መካከሉ ለስኒና ለቅመም ባለ በር፣ ላዩ ለአገልግል ክፍት የሆነ ቁም ሳጥን ተሠራ። የእህል ዕቃ የሚቀመጥበት በር በእንጨት ፈንታ የሽቦ ወንፊት ተደረገበት፤ አየር ያስገባል፣ ዝንብ ይከለክላል። አንዱ መደርደሪያ በክብ ተቀደደና ጀበናው ተቀመጠበት። የመሥሪያው ከፍታ የተለካው በአክስቴ ክርን ነው፤ ከክርናቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ወገባቸው እንዳይጎብጥ። ሰፌዱ ከጎን በሚስማር ተሰቀለ። የሻገተው መሶብ ግን አልዳነም። አዲስ እየሰፉ ናቸው፤ ቦታው ከአሁኑ ተለክቶ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቁም ሳጥን ልትገዙ ስትነሡ ከገበያው በፊት ወጥ ቤቱን ግቡና እዩ። ዕቃውን ቁጠሩ፣ ለኩ፣ ጠባዩን ለዩ፣ የምታበስለውን ሴት ወይም የሚያበስለውን ወንድ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የቆጡንም ማውረድ፣ የብብቱንም መያዝ ይቻላል። የተሻለ ዘዴ የሚያውቅ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍበትና እንማርበት።