ወላጆች ሲፋቱ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ መጠየቅ መብት

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት እያለ በአደባባይ እምብዛም የማይነሣ ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላ ልጃቸው ከማን ዘንድ እንደሚኖርና አብሮት የማይኖረው ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቀው ነው።

ለምሳሌ ያህል እናት ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር በመካኒሳ፥ አባት ደግሞ በኮተቤ ይኖራሉ እንበል። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በውሳኔው ላይ የተጻፈው «አባት በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ይጠይቅ» የሚል ብቻ ነው። አባት ቅዳሜ ጧት ከተማውን አቋርጦ ቢመጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ እናት ቀኑ እሑድ መስሏት ልጁን ይዛ ወደ ዘመድ ሄዳለች። ማታ በስልክ ክፉ ቃል ይለዋወጣሉ። ወር ሲደርስ እርሱ ቀለቡን ያስቀራል፤ እርሷም ልጁን ትከለክላለች። ከሁለቱ አንዱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠቡን ያመጣው በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ቀንና ሰዓት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጆች አጠባበቅ የልጆቹን ጥቅም ብቻ በማየት እንዲወሰን አዝዞ፥ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ድረስ ከእናታቸው ዘንድ እንዲቆዩ ያደርግ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በአንቀጽ 113 ይህን የዕድሜ ወሰን ትቶ፥ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና አኗኗር፥ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ እንዲወስን ያዝዛል። (ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሊያወጡ ስለሚችሉ፥ ለምሳሌ የአማራ ክልል ነዋሪ የክልሉን ሕግ መመልከት ይገባዋል።)

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ቃል አለ። ሕጉ ወላጆች ልጆቻቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ብቻ ሳይሆን፥ ልጆችም ወላጆቻቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እንግዲህ በሩን የምትዘጋው እናት የባሏን ብቻ ሳይሆን የልጇንም መብት ትነካለች፤ ቅዳሜን ያለ ምክንያት የሚያስቀረው አባትም እንደዚሁ። ቀለብም የልጁ እንጂ የእናት ዋጋ አይደለም፤ ልጅን ለማየት የሚከፈል የመግቢያ ገንዘብም አይደለም። አንዱ ስለ ተጓደለ ሌላውን በገዛ እጅ ማስቀረት ክርክሩን ያበዛል እንጂ ለልጁ አይበጅም። መፍትሔው አፈጻጸሙን ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው።

በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች ስምምነታቸውን ሲጽፉ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ልጁን ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚመልስ፥ ርክክቡ በየትኛው ቦታ እንደሚሆን፥ ልጁ ቢታመም ለማን እንደሚነገር ቢዘረዝሩ መልካም ነው። እንቁጣጣሽ፥ ገና፥ ፋሲካ ወይም ዒድ በየትኛው ቤት እንደሚውልም ይጻፍ፤ የበዓል ዋዜማ ጠብ ከሁሉ የከፋ ነውና። ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ያላስጠበቀ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ሊያርመው ይችላል።

የመውለድ መብትም ብቻውን ሁሉን እንደማይረታ በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት አሳይቷል። ለረጅም ዓመታት ከልጁ ርቆ የቆየ አባት ባሳደገችው አክስት ላይ ያቀረበውን ክርክር ችሎቱ መርምሮ፥ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 በመጥቀስ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል።

ደግሞም ውሳኔው ለዘለዓለም የታተመ አይደለም። የመካኒሳው ልጅ ትምህርት ቤት ቢቀይር፥ አባቱ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ወይም እናቱ ብትታመም፥ ከወላጆቹ አንዱ ሁኔታው መለወጡን አስረድቶ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው በማመልከቻ መጠየቅ ይችላል።