የመረጃ ማስገቢያና ማረሚያ ቅጾች ቃላት፦ ከገጠር መሬት መዝገብ የተወሰዱ ምሳሌዎች

በኮምፒውተር መረጃ የሚመዘገብባቸውና የሚታረምባቸው ቅጾች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሥራው ለተርጓሚው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በቃላት ዝርዝር መልክ ነው። በአንዱ ዓምድ የእንግሊዝኛው ቃል ይሰፍራል፤ ሌላው ዓምድ ባዶ ሆኖ ይሰጠዋል። ቃሉ በየትኛው ገጽ እንደሚታይ፣ ሲጫኑትም በመዝገቡ ላይ ምን እንደሚያደርስ አይነገረውም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው፣ ከዚህ አሠራር የሚመጣው ጉድለት የአነጋገር ለዛ ማጣት ብቻ አለመሆኑን ነው። አንድ ቃል ያለቦታው ሲገባ መዝገቡ ራሱ ሊሳሳት ይችላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው የገጠር መሬት ይዞታን ምዝገባ ነው። በአማራ ክልል ይህ ጉዳይ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 46/1992፣ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተደንግጓል። ምዝገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በእጅ በሚሞላ መዝገብ ነበር፤ እያደር ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። በምዕራብ ጎጃም፣ ለምሳሌ በደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ በፈረስ ቤት፣ አንድ ገበሬ ጉዳዩን የሚያስረዳው በሚኖርበት አገር አማርኛ ነው። መዝጋቢው የሰማውን በቅጹ ላይ ካሉት ቃላት ጋር ማገናኘት አለበት። እንግዲህ ቅጹ የገበሬውንም የሕጉንም ቋንቋ ማወቅ ይኖርበታል ማለት ነው።

በመጀመሪያ «ባለቤት» የሚለውን ቃል እንመልከት። በአማርኛ ባለቤት ማለት የንብረት ጌታ ነው፤ ባል ወይም ሚስት ማለትም ነው፤ በሰዋስው ደግሞ የዐረፍተ ነገርን ባለቤት ያመለክታል። ሦስተኛው እዚህ አያሳስበንም። ይሁንና በቅጹ ላይ «የባለቤት ስም» ተብሎ ቢጻፍ፣ መዝጋቢው የማንን ስም ያስገባ? ከፊቱ የቆመችውን ባለጉዳይ «የባለቤትሽ ስም ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት የባሏን ስም እንደምትነግረው አያጠራጥርም። በዚህ መንገድ የእርሷ መብት የሚመዘገብበት ቦታ በባሏ ስም ሊሞላ ይችላል። በክልሉ ባልና ሚስት በአንድ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በጋራ የሚመዘገቡ በመሆናቸው፣ ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታለፍ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ገበሬው በሕግ አነጋገር «ባለይዞታ» ነው። ስለሆነም በቅጹ ላይ «ባለይዞታ» እና «የትዳር ጓደኛ» የሚሉት ቃላት ቢገቡና «ባለቤት» ጨርሶ ቢቀር እንመርጣለን።

በቅጽ ላይ ያለውን የሚሞላ ቦታ «መስክ» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ቃሉ ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተገለበጠ ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ በመሬት ጽሕፈት ቤት ግን መስክ የከብት ግጦሽ ነው፣ ባለሙያው ወጥቶ የሚለካበትም ስፍራ ነው። «የመስክ ስሕተት» የሚል ማሳሰቢያ ያነበበ ሠራተኛ ሜትሩን ይዞ ወደ ማሳው ቢወጣ የሚፈረድበት አይመስለንም። «መሙያ ሳጥን» ወይም በአጭሩ «ሳጥን» ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «ሰርዝ» ነው። በአንዳንድ የአማርኛ ፕሮግራሞች ይህ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የተጀመረውን ትቶ መውጣትንም፣ የተመዘገበውን ማስወገድንም ያመለክታል። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ውጤቱን ለማየት አንድ ጥያቄ እናስብ፦ ማሽኑ «ይሰረዝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለመልስ የቀረቡትም «እሺ» እና «ሰርዝ» ናቸው። ሁለቱም አዎንታ ይመስላሉ! መዝገቡን ለማዳን የፈለገ ሰው የትኛውን እንደሚጫን ከቋንቋው ተነሥቶ ሊያውቅ አይችልም።

መሰረዝ ሰረዝ ከሚባለው መስመር ጋር ተዛማጅ ነው። በወረቀት መዝገብ ላይ የተሰረዘ ቃል መስመር ይሳልበታል እንጂ አይጠፋም፤ የነበረው ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ማጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ምልክት አያስቀርም። መተው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። አማርኛ ሦስቱን ድርጊቶች በሦስት ቃል ለይቶ ሳለ በአንዱ ማጨቃችን አሳዛኝ ነው። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ፣ ከጀመሩት ሥራ ለመውጣት «ተወው» ወይም «ይቅር»፣ ጽሑፉ እየተነበበ ዋጋ እንዲያጣ ለማድረግ «ሰርዝ»፣ ከማኅደሩ ፈጽሞ ለማስወገድ «አጥፋ» እንዲባል ነው። የይዞታ መዝገብን በሚመለከት ሦስተኛው ቁልፍ ለመዝጋቢው ባይሰጥ ይሻላል፤ ይህ ግን የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራም ሠሪውም ድርሻ ነው።

ተመሳሳይ ችግር «አርም» በሚለው ላይ ይታያል። አንዳንዶች «አርትዕ» ይላሉ፤ ከግእዙ ረትዐ የወጣና ለድርሰት የሚስማማ ቃል ነው፤ ለመዝገብ ግን ሩቅ ነው። «ማረም» ለገበሬውም ለጸሐፊውም ቅርብ ነው፦ አንዱ ከሰብሉ አረሙን ይነቅላል፣ ሌላው ከጽሑፉ ስሕተቱን ያወጣል። በሁለቱም ዘንድ የሚወጣው ነገር ከመጀመሪያውም መገኘት ያልነበረበት ነው። እንግዲህ አባት ሞቶ ይዞታው በውርስ ለልጁ ሲተላለፍ የአባትየው ስም አረም ነበርን? አልነበረም። መዝገቡ ትክክል ነበር፤ የተለወጠው የዓለሙ ሁኔታ ነው። በቅጹ ላይ ያለው ቁልፍ አንድ «አርም» ብቻ ከሆነ፣ መዝጋቢው የአባትን ስም አጥፍቶ የልጁን ይጽፋል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ወራሽ ቢመጣ መሬቱ የአባቱ እንደነበረ የሚያሳይ መስመር ከገጹ ላይ አይገኝም። ስለዚህ «እርማት» እና «ዝውውር» የተለያዩ በሮች እንዲሆኑ ያስፈልጋል። በእርማት የሚጠየቀው ስሕተቱ ምን እንደሆነና በምን ማስረጃ እንደታወቀ ነው፤ በዝውውር የሚጠየቀው ምክንያቱ (ውርስ፣ ስጦታ ወይም ሌላ)፣ ቀኑና ሰነዱ ነው።

የፊደል አጻጻፍ ጉዳይ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አዲስ ስላልሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። ፍኖተ ሰላም በ«ሰ» ወይም በ«ሠ»፣ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ሊጻፍ ስለሚችል አራት መልክ አለው፤ ፈረስ ቤትም «ፈረስቤት» ተብሎ ይጻፋል። ፀሐይ የተባለች ሴት ስሟ በ«ጸ»ና በ«ፀ»፣ እንዲሁም በስድስቱ የ«ሀ» ድምፅ ፊደሎች (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሲፈራረቅ አሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። መፍትሔው ስሟን ማስተካከል አይደለም፤ እርሷ እንደምትጽፈው ተመዝግቦ፣ ፍለጋው ብቻ ተመሳሳይ ድምፆችን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። የቦታ ስም ግን በእጅ ከሚጻፍ ከተዘጋጀ ዝርዝር ቢመረጥ ይበልጣል።

ስለ ማሳሰቢያዎች አንድ ነገር እንጨምር። ቁልፍ በትእዛዝ አንቀጽ ቢጻፍ፣ ታዛዡ ማሽኑ ስለሆነ ነውር የለውም። ሠራተኛውን የሚያናግር ማሳሰቢያ ግን በአክብሮት ይሁን፣ ምክንያቱንም ይናገር። «ልክ ያልሆነ ግቤት» ማለት ለማንም አይጠቅምም። የውርስ ሰነዱ የተጻፈው ጳጉሜን 3 ቀን ሆኖ ሳጥኑ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ጥፋቱ የመዝጋቢው አይደለም፤ ሳጥኑ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ይቀበል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ጳጉሜን 7 ብሎ ቢያስገባ፣ «ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ነው፤ እባክዎ ቀኑን ከሰነዱ ጋር ያመሳክሩ» የሚል ማሳሰቢያ ይውጣለት።