ስለ ጊታር ልባጥና ስለ ሠሪው ትዕግሥት

በእጅ የተሠራ ጊታር ስናይ ድምፁን ከመስማታችን በፊት ዓይናችንን የሚስበው የእንጨቱ መልክ ነው። አንዳንዱ ነፋስ እንደ መታው ውኃ ሞገድ ይታይበታል፤ ሌላውም እንደ ደመና የተጠቀለለ ነው። ጊታሩን ጥቂት ዘንበል ሲያደርጉት የበራው መስመር ይጨልማል፤ የጨለመውም ይበራል። ይህ መልክ በብሩሽ የተቀባ ሥዕል አይደለም። ዛፉ ሲያድግ ጅማቱ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ እየተጣመመ ስለሚወጣ፣ ብርሃንን በልዩ ልዩ አቅጣጫ ከመመለሱ የተነሣ የሚገኝ ነው።

እንዲህ ያለው እንጨት ጥቂትና ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች ከ1 ሚሊ ሜትር በታች አድርገው በስሱ ያስቆርጡትና በሌላ እንጨት ላይ በኮላ ይለብጡታል። ይህ ማታለል ነውን? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አይደለም እንላለን፤ ማታለል የሚሆነው ልባጡን ወጥ እንጨት ነው ብለው ሲሸጡት ነውና። ለልጁ ጊታር የሚገዛ ወላጅ በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ አሳልፎ የጀርባውን ውስጠኛ ገጽ ይመልከት፤ የጅማቱ መስመር ከውጭው ጋር የማይገጥም ከሆነ የተለበጠ መሆኑን ይረዳል።

የልባጥ ሥራ ከባድ የሚሆነው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ማሆጋኒ፣ ዋልነትና ሮዝውድ የተባሉት እንጨቶች በሕይወት ሳሉ ውኃ ያመላልሱባቸው የነበሩ ቧንቧዎች በመርፌ እንደ ተጫረ ሆነው በገጻቸው ላይ ይታያሉ። ሜፕል ግን ቀዳዳው እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ መሙያ አያሻውም። ከዛፍ ዕባጭ የተቆረጠ ልባጥ ደግሞ ስንጥቅና ጉድጓድ አያጣውም። እነዚህ ሳይሞሉ ቫርኒሽ ቢቀባባቸው ቅቡ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ገጹ መስተዋት በመምሰል ፈንታ ነጠብጣብ ይሆናል።

ብልህ ሠሪ አስቀድሞ በአልኮል የሟሟ ጎማላካ በስሱ ይቀባል። ምክንያቱም የተጣመመው ጅማት ቀለምን እኩል አይጠጣም፤ ባለ ቀለም መሙያ ባዶውን እንጨት ቢያገኘው ያን የሚያምር ሞገድ ያጠቁረዋል። ከዚህ በኋላ መሙያውን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሻል፤ ትርፉንም ከጅማቱ አግድም ይጠርጋል፤ ከጅማቱ ጋር ቢጠርገው ከቀዳዳው መልሶ ያወጣዋልና። ቀጥሎ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይታገሣል። ሳይደርቅ የተሸፈነ መሙያ ውሎ አድሮ ይኮማተራል፤ ያማረ መስሎ የተሸጠውም ጊታር ከወራት በኋላ ጉድጓዱን ያሳያል።

ማለስለሱም ጥንቃቄ ይሻል። የብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ በቀስታ፣ ይልቁንም በጠርዝ ላይ እጅን ሳይጫኑ ነው። የዕለቱ ችኮላ ስሱን ልባጥ ከበሳው ከሥሩ ያለው እንጨት ይገለጣል፤ ያንንም ሞገድ የሚመልሰው ስቱኮ የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ጎማላካ ራሱ የሚገርም ነገር ነው፤ በህንድና በታይላንድ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምትኖር ጥቃቅን ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ነው። ሠሪው ይህን በጨርቅ በተጠቀለለ ሱፍ እያጠቀሰ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ቀዳዳውን እየሞላ፣ ክብ ክብ እያደረገ ለብዙ ቀን ያሻል። ሙቀትና አልኮል ይጎዱታል፤ ነገር ግን ሲጎዳ ማደስ ይቻላል።

ቅቡ ስስ መሆን የሚገባውስ ስለ ምንድር ነው? የጊታር ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚወጣው ከሚንቀጠቀጠው የፊት ገበታ ነውና፤ በዚያ ላይ ቅብ ሲወፍርበት ይከብዳል፤ ድምፁም ይታፈናል። ስፔናዊው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) የገበታውን ኃይል ለማስረዳት በ1862 ጀርባውንና ጎኑን ከወረቀትና ከሙጫ ሠርቶ አንድ ጊታር አዘጋጀ። እንግዲህ የጀርባው ጌጥ ዓይንን ያስደስት እንጂ የድምፅ ምንጭ ነው ብሎ የሚከራከር ነጋዴ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይገባል።

በቤት ውስጥ ይህን ሙያ የሚሞክሩ ወጣቶችን አንድ ነገር እናሳስባለን። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ቢጣል በራሱ እየሞቀ እሳት ሊያነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ይቀመጥ። አልኮልና ላከር ከምድጃ ይራቁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ ስለዚህ አፍንጫን በደህና መከላከያ መሸፈን፣ ሕፃናትንም ማራቅ ግድ ነው።

በመጨረሻ ጊታሩ አምሮ ሲወጣ መሙያው አይታይም። የሠሪው ድካምም የሚመሰገነው እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳውን ሞልቶ፣ እንጨቱ በተፈጥሮ የያዘውን መልክ ሳይሸፍን ሲያሳየን።