ስለ ኅብረ ብርሃንና ስለ ማጣሪያው

በአውራሚን ቀለም የቀለምነው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ በጨለማው መደብ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ፀዳል ለብሶ የሚገለጥልን፣ የማይክሮስኮፑ ማጣሪያ ቀስቃሹን ብርሃን አግዶ ከቀለሙ የሚፈልቀውን ብቻ ስለሚያሳልፍልን ነው።

ቀለማቱ ሲበዙ ግን ጥንቃቄው እጅግ ይጠናል፤ ዳፒ በ358 ናኖሜትር ተቀስቅሶ በ461፣ ፍሎረሰይን በ495 ተቀስቅሶ በ519 ደምቀው ቢያበሩም፣ የፍሎረሰይን ፀዳል እስከ ሮዳሚን ቀለም ክልል ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ሦስተኛውን ቀለም ራቅ ካለው ከቴክሳስ ሬድ ወገን መምረጥ ይሻላል፤ እርሱ በ595 ተቀስቅሶ በ615 ያበራልና። የተለያዩ ፕሮቲኖችን ስትቀልሙም ደማቁን ቀለም በመጠኑ ጥቂት ለሆነው ስጡት።

ማጣሪያ ከመግዛታችሁ አስቀድሞ የመብራታችሁን የሞገድ ርዝመት መርምሩ፤ እያንዳንዱንም ቀለም ለብቻው በተቀለመበት ስላይድ በሁሉም ማጣሪያዎች ፈትኑ።