የሚሸጠው ተራራ፦ ሣሩ፣ ከብቱና ጎብኚው

«የተራራ ላይ የከብት ራንች ለሽያጭ ቀርቧል፤ ለምለም ግጦሽ፣ ንጹሕ ወንዝ፣ ዓሣና አጋዘን፣ ለሽርሽርም የሚመች ቦታ አለው።» በምዕራብ አሜሪካ ተራራማ ግዛቶች እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንግዳ ነገር አይደለም። ማስታወቂያውን በሳይንስ ዓይን ስናነበው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለመሆኑ ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው? አፈሩን ነው፣ ሣሩን ነው ወይስ መልክዓ ምድሩን? ከገዛስ በኋላ መሬቱ የራሱን ወጪ ችሎ፣ ሳይጎሳቆል ሊኖር ይችላል?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እንመረምራለን። ምሳሌያችን በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሄሜዝ ተራሮች ውስጥ የሚገኘው ቫዬስ ካልዴራ ነው። ቦታው ለረጅም ዘመን «ባካ ራንች» በመባል ይታወቅ ነበር። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእሳት የተወለደ ሜዳ

የዛሬ 1.25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በዚህ ስፍራ ከፍተኛ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ደረሰ። ከመሬት በታች ተጠራቅሞ የነበረው ቅልጥ አለት በብዛት ወጥቶ ሲያልቅ ከላይ ያለው ጣሪያ መደገፊያ አጥቶ ተደረመሰ። በዚህም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ተፈጠረ። እንዲህ ያለውን ጎድጓዳ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ካልዴራ ይሉታል። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የሻላ ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳም የዚሁ ዓይነት አፈጣጠር አለው።

ከድርመሳው በኋላ አዲስ ቅልጥ አለት ከሥር እየገፋ የካልዴራውን መካከል ወደ ላይ አነሣው። ዛሬ 3430 ሜትር ከፍታ ያለው የሬዶንዶ ተራራ የዚህ ግፊት ውጤት ነው። በተራራውና በካልዴራው ጠርዝ መካከል በተለያዩ ዘመናት ሐይቆች ተኝተው ነበር። ሐይቆቹ ሲደርቁ ደቃቅ ደለል ትተው ሄዱ። በ2004 ከትልቁ ሜዳ ከቫዬ ግራንዴ 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የደለል ናሙና ተቆፍሮ ወጥቷል። ተመራማሪዎች ከዚህ ናሙና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ የአየር ንብረት ታሪክ ያነበቡ ሲሆን፣ በጥንት ሞቃት ዘመናት ለረጅም ጊዜ የቆዩ ድርቆች እንደነበሩም ተረድተዋል።

ሜዳው 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ይህም ከአዲስ አበባ ጥቂት ከፍ ማለቱ ነው። አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ተራራ ስንወጣ ዛፍ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የሚጠፋው ከላይ በኩል መሆኑን እናውቃለን። እዚህ ግን ዛፉ ያለው ከላይ በተዳፋቱ ላይ ሲሆን፣ ዛፍ አልባው ቦታ ታች ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ውርጭ ነው። በሌሊት የቀዘቀዘ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በጎድጓዳው ይተኛል። በዚህም የተነሣ ገና የበቀለ የዛፍ ችግኝ በውርጭ ይመታል። ሣር ግን የማደጊያ ጫፉ መሬት አጠገብ ስለሆነ ውርጩን ችሎ ያልፋል። ደቃቁና እርጥበት ያዘለው አፈርም ለሣሩ ያግዛል። የራንቹ ሀብት መነሻ እንግዲህ ይህ ነው።

ሣርን መቁጠር

የግጦሽ መሬት የገዛ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መሬቱ ስንት ከብት እንደሚችል ነው። ይህ የግጦሽ አቅም ይባላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮችን አለመርሳት ያስፈልጋል።

አንደኛው የላሟ ፍላጎት ነው። ጥጃ ያላት አንዲት ላም በደረቅ ክብደት ሲሰላ በቀን 12 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ትፈልጋለች። በተራራው ላይ ግጦሽ የሚኖረው በበጋው አራት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በ120 ቀን 1440 ኪሎ ግራም ትበላለች ማለት ነው።

ሁለተኛው የሣሩ ፍላጎት ነው። ቅጠል የሣር ማድ ቤት ነው፤ ሥሩ የሚመገበው ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ምግብ ነው። በ1955 በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የታተመ የሙከራ ውጤት እንዳሳየው፣ ከቅጠሉ ከግማሽ በላይ የተቆረጠበት ሣር የሥሩን ዕድገት ለጊዜው ይገታል። ሥሩ ያጠረ ሣር ደግሞ ድርቅ ሲመጣ ከሥር ያለውን እርጥበት ሊደርስበት አይችልም። «ግማሹን ውሰድ፣ ግማሹን ተው» የሚለው የግጦሽ ባለሙያዎች መመሪያ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው የሌሎች ተመጋቢዎች ድርሻ ነው። ሣሩን የሚበላው ከብት ብቻ አይደለም። ከተነካው ግማሽ ውስጥ አንበጣ የሚበላው፣ በሰኮና የሚረገጠውና የዱር እንስሳት የሚወስዱት አለ። በቫዬስ ካልዴራ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን በሺዎች ይሰማራል። ኤልክ ከአካባቢው በአደን ጠፍቶ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሌላ ግዛት መጥቶ እንደገና ተራባ።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር በዓመት 1500 ኪሎ ግራም ደረቅ ሣር ይሰጣል እንበል። ግማሹ ለሣሩ ሲቀር 750 ይተርፋል። ከዚህም ግማሹ ለዱር እንስሳትና ለብክነት ሲሄድ ለከብት የሚደርሰው 375 ኪሎ ግራም ይሆናል። 1440ን ለ375 ስናካፍል አንዲት ላም አራት ሄክታር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሬት እንደምትፈልግ እናገኛለን። በድርቅ ዓመት ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ያው መሬት የሚችለው የከብቱን እኩሌታ ብቻ ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን ካልቀነሰ የሚያስበላው የዘንድሮን ሣር ብቻ ሳይሆን የከርሞንም ነው።

የፍርምባ በሽታ

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። በ2600 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። የሳንባ ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ኦክሲጅን ሲያጡ ይጠብባሉ። ልብም ደሙን በጠበበው መንገድ ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ውሎ አድሮ የቀኙ የልብ ክፍል ሲደክም ከደም ቧንቧ የወጣ ፈሳሽ በከብቱ ፍርምባ ላይ ተጠራቅሞ እብጠት ይሆናል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኮሎራዶ ተራሮች የተጠናው ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ እብጠት ነው።

ለበሽታው ያለው ዝንባሌ በዘር ይተላለፋል። በመሆኑም በሮኪ ተራሮች የሚገኙ ጠንቃቃ አርቢዎች ለዘር የሚመርጡትን ኮርማ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ቧንቧ ያለውን ግፊት አስለክተው ይገዛሉ። እንግዲህ መሬቱን የገዛ ሰው ከብቱን ከየትም አምጥቶ ማሰማራት አይችልም ማለት ነው።

በጎቹ፣ እሳቱና ደኑ

የባካ ራንች ታሪክ የግጦሽን የሩቅ ውጤትም ያሳያል። ቦታው በ1860 በአሜሪካ ምክር ቤት ውሳኔ ለአንድ ቤተሰብ ወራሾች ተሰጠ። ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ እስከ 30000 የሚደርሱ በጎች ይግጡበት ነበር፤ በኋላም ብዙ የቀንድ ከብት ተተካ፤ ደኑም ክፉኛ ተጨፈጨፈ።

ተመራማሪዎች በአካባቢው ያረጁ የጥድ ዛፎችን ዓመታዊ ቀለበቶች ሲመረምሩ በየጥቂት ዓመታቱ የእሳት ጠባሳ አገኙ። ይህ እሳት ደረቅ ሣርና ችግኝ እየበላ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ እንጂ ትልልቁን ዛፍ የሚገድል አልነበረም። ጠባሳው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በድንገት ይቋረጣል። ጊዜው መንጋው ከበዛበት ወቅት ጋር ይገጥማል። እሳቱን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያሸጋግረው ሣር በበጎችና በከብቶች ተበልቷልና። በኋላም ሰው እሳትን ሁሉ ማጥፋት ሥራዬ ብሎ ያዘ። በዚህ ምክንያት ችግኙ ያለ ከልካይ በቅሎ ደኑ እጅግ ተጨናነቀ።

ዕዳው የተከፈለው ዘግይቶ ነው። ሰኔ 2011 ዛፍ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወድቆ ያስነሣው የላስ ኮንቻስ እሳት 63 ሺህ ሄክታር ያህል አቃጠለ፤ ከዚህም 12 ሺህ የሚጠጋው በካልዴራው ክልል ውስጥ ነበር። በ2013 ሌላ ትልቅ እሳት ደገመው። በበጎች የጀመረው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደን አወደመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርግጥ ድርቅና ሙቀትም የበኩላቸውን አድርገዋል።

ሽያጩና ሙከራው

በ2000 የአሜሪካ መንግሥት 36 ሺህ ሄክታር ያህሉን ራንች ከባለቤቶቹ ቤተሰብ በ101 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ያልተለመደው ነገር ከግዢው ጋር የወጣው ሕግ ነው። ቦታው በመደበኛው የፓርክ ወይም የደን አስተዳደር ሥር እንዲውል አልተደረገም። ዘጠኝ አባላት ባሉት የባለአደራ ቦርድ እንዲመራ፣ እንደ ራንች መሥራቱን እንዲቀጥልና በ15 ዓመት ውስጥ ወጪውን በራሱ ገቢ እንዲሸፍን ታዘዘ። የገቢው ምንጭ የግጦሽ ክፍያ፣ በዕጣ የሚሰጥ የኤልክ አደን ፈቃድ፣ ዓሣ ማስገር፣ የእግር ጉዞና የበረዶ ላይ ሽርሽር ነበር።

ታዲያ ይህ ይቻል ነበርን? ቀላል ስሌት እንሥራ። ሁለት ሺህ ላሞች ለአራት ወር ቢሰማሩና ለአንዷ በወር 20 ዶላር ይከፈላል ብለን ብንነሣ ጠቅላላ ገቢው 160 ሺህ ዶላር ነው። ምንም ወጪ ባይኖር እንኳ በዚህ ገቢ የግዢውን ዋጋ ለመመለስ ከ600 ዓመት በላይ ይፈልጋል! ከዚህ እንደምንረዳው የ101 ሚሊዮኑ ዋጋ የሣር ዋጋ አልነበረም። የተሸጠው ውሃው፣ ጸጥታው፣ አደኑና መልክዓ ምድሩ ጭምር ነው።

ጎብኚ ከላም የተሻለ ይከፍላል። ይሁንና ጎብኚም የራሱ የግጦሽ አቅም አለው ቢባል ያስኬዳል። ብዙ እግር የረገጠው አፈር ይጠቀጠቃል፤ ዝናቡ መስረግ ትቶ በላዩ ይፈስሳል፤ ጎርፉም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የወንዙም ነገር እንዲሁ ነው። ከብት ዳርቻውን አዘውትሮ ሲረግጥ ጥላ የሚሰጠው ቁጥቋጦ ይጠፋል፣ ውሃውም ይሞቃል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ በመሆኑ ዓሣ አስጋሪው ገንዘብ የሚከፍልበት ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ይሸሻል። አንዱ የገቢ ምንጭ ሌላውን ይበላል ማለት ነው። መንገድ፣ አጥር፣ ጥበቃና ጥናት ደግሞ በየዓመቱ ወጪ ይጠይቃሉ።

በ2009 የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ግቡን በተባለው ጊዜ ማሳካት ከባድ ፈተና እንደሆነ አመለከተ። በታኅሣሥ 2014 በወጣ ሕግ ባለአደራው ቀርቶ ቦታው ወደ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተዛወረ፤ አገልግሎቱም በጥቅምት 2015 ሙሉ ኃላፊነቱን ተረከበ። አደንና ዓሣ ማስገር እንደተፈቀዱ ቆዩ፤ ግጦሽንም ሕጉ ጨርሶ አልከለከለም። የገንዘብ ሙከራው ባይሳካም ሁለት ነገር ትቶልናል። በእነዚያ ዓመታት የሣሩ፣ የወንዙና የደኑ ሁኔታ በጥንቃቄ ሲለካ ነበር። መሬትን ደህና አድርጎ መያዝ ራሱን የቻለ ወጪ እንዳለውም ታወቀ።

የባለቤትነቱም ጥያቄ በሽያጭ አልተዘጋም። ከራንቹ በፊት በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የሄሜዝ ፑዌብሎ ሕዝቦች ክስ አቅርበው፣ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ባንኮ ቦኒቶ በተባለው የካልዴራው ክፍል ላይ ጥንታዊ መብታቸው እንዳልጠፋ ወሰነ። አንድ ጊዜ የተሸጠ ተራራ ሙሉ በሙሉ ተሸጧል ማለት አይቻልም።

ከእኛ አገር ጋር ስናስተያየው

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በእኛ ዘንድ አይወጣም። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ከ3200 ሜትር በላይ የሚገኘውን የመንዝ ጓሳ እንውሰድ። የመንዝ ሕዝብ «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን እያጨደና ከብቱን እያሰማራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ኖሯል። ሥርዓቱ ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን እንደገና አቋቁሞታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ ጎብኚም ይቀበላል። የጓሳ አባቶች የሥሩን ዕድገት በመሣሪያ አልለኩም። ሆኖም «ግማሹን ተው» የሚለውን መመሪያ በጊዜ ተርጉመው ሠርተውበታል፤ እነርሱ የተዉት የሣሩን ግማሽ ሳይሆን ዓመታቱን ነው።

ከሁለቱ ተራሮች የምንማረው አንድ ነው። የተራራ ሣር በየዓመቱ የሚሰጠው ወለድ ውሱን ነው። ከዚያ በላይ ከተወሰደ የሚበላው ዋናው ነው። ባለቤቱ ግለሰብ፣ መንግሥት ወይም ማኅበረሰብ መሆኑ ሒሳቡን አይለውጠውም። የሚለውጠው አስቀድሞ ቆጥሮ «ይበቃል» ማለት የሚችል ሰው መኖሩ ነው።