ከጠፍር አልጋ እስከ ቴኒስ ራኬት፤ የመወጠርና የመርገብ ፊዚክስ

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ላደገ ሰው የጠፍር አልጋ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በቅድሚያ የእንጨት ማዕቀፉ ይዘጋጃል። ጥሬ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ውኃ ውስጥ ይነከርና እርጥብ እንዳለ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሳበ፣ ቁመቱና ወርዱ እየተጠላለፈ ይታሰራል። ቆዳው ሲደርቅ ያጥራል፤ ሲያጥርም ራሱን ይወጥራል። ጠፍር አሳሪው የሚስበው በክንዱ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሥራ ፀሐይ ትጨርስለታለች።

አሁን ደግሞ አንባቢ የቴኒስ ራኬትን በዓይነ ኅሊናው ይመልከት። ማዕቀፉ ሞላላና ትንሽ፣ በጠፍሩ ፈንታ የገባውም ቀጭን ክር ከመሆኑ በስተቀር አሠራሩ ያው የአልጋው ነው። ልዩነቱ የራኬት ክር ደርቆ ራሱን እስኪወጥር የማይጠበቅ መሆኑ ነው፤ መወጠሪያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ትምህርታችንን በተከታተልንበት አገር ይህን መሣሪያ በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን ራኬት የሚወጥሩ ተጫዋቾች ጥቂት አልነበሩም። ቴኒስ በጠቀስናቸው ወረዳዎች የሚዘወተር ስፖርት አይደለም። ሆኖም በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፊዚክስ በአልጋው፣ በከበሮውና በክራሩ ውስጥ ያለው ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ወደድን።

የአንድ ራኬት ክር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ግራም በሚደርስ ውጥረት ይሳባል። (የፊዚክስ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ እንጂ የኃይል መለኪያ አይደለምና። 25 ኪሎ ግራም ሲባል 245 ኒውተን ያህል ማለት እንደሆነ ይያዝልን።) ለንጽጽር ያህል፣ ግማሽ ሜትር ርዝመትና 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን አውታር በክራር ላይ ሆኖ በሰከንድ 200 ጊዜ እንዲርገበገብ ከተፈለገ የሚያስፈልገው ውጥረት 18 ኒውተን ገደማ ነው። አንዱ የራኬት ክር ከዚህ 14 እጥፍ ያህል ይሳባል ማለት ነው። በብዙ ራኬቶች ላይ በቁመት የሚሄዱት ክሮች 16 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በ25 ኪሎ ግራም ሲሳቡ ድምሩ 400 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የአራት ኩንታል ጭነት ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ክብደቱ 300 ግራም አካባቢ የሆነ ማዕቀፍ ነው። የወርዱ ክሮች ገብተው ሚዛኑን እስኪጠብቁ ድረስ ማዕቀፉ በቁመቱ ሊያጥር፣ በጎኑ ሊሰፋ ይታገላል። መወጠሪያው ከመሳቡ በፊት ማዕቀፉን ዙሪያውን አጥብቆ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቤት ከሚሸጡት መወጠሪያዎች ቀላሉና ርካሹ በክብደት የሚሠራው ነው። መብራት አይፈልግም፤ ሞተርም ሆነ ስፕሪንግ የለውም። አሠራሩ የሚዛን ዘንግ ነው። ክሩ በአንድ ትንሽ ክብ አካል ላይ ይያዛል፤ ከክቡ ጋር ረጅም ዘንግ ተያይዟል፤ በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ክብደት አለ። የክቡ ሬዲየስ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ቢሆንና ከመሽከርከሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ 2 በ50 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 25 ኪሎ ግራም ይሰጣል። የዘንጉ ክብደት ለጊዜው ይቆየን። ዘንጉ አግድም መሆን አለበት። በ10 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚጎድለው ውጥረት 1.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቸል ይባላል፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን ጉድለቱ ወደ 6 በመቶ ያድጋል። ኮሳይን ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ሌላው ዓይነት በእጅ የሚዞር ሲሆን የተፈለገው ውጥረት ላይ ሲደርስ ይቆለፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ የጉዳያችን እምብርት ግን እሱ ነው። ናይለንን የመሰለ ክር ሲሳብ ወዲያው የሚለጠጠው አለ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ የሚለጠጠው አለ። በክብደት የሚሠራው መሣሪያ ክሩ ሲረዝም እየተከተለ መሳቡን ይቀጥላል፤ ኃይሉ ቋሚ ነው፣ ርዝመቱ ይለወጣል። የሚቆለፈው መሣሪያ ርዝመቱን ይይዛል፤ ስለዚህ ውጥረቱ ገና እዚያው መርገብ ይጀምራል። በሁለቱም በ25 ኪሎ የተወጠሩ ራኬቶች እኩል የማይጠነክሩት ለዚህ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የክራር መቃኛ የሚቆለፈው ዓይነት መሣሪያ ስለሆነ አዲስ አውታር ያሰረ ሰው ደጋግሞ መቃኘት ግድ ይሆንበታል። ራኬትም ከመሣሪያው ከወረደ በኋላ መርገቡ አይቀርለትም፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከውጥረቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ሊያጣ ይችላል።

የረገበውን ያህል በጆሮ መለካት ይቻላል። የአውታር ድግግሞሽ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ ፈረንሳዊው ማሪን መርሴን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። በዚህ ሕግ መሠረት ቅኝቱ በግማሽ ድምፅ የወረደ ክራር ከውጥረቱ 11 በመቶ ያህል አጥቷል። ራኬትም ሲመታ ይዘፍናል፤ በስልክ ድግግሞሽ የሚለካ ሰው 600 ሄርዝ የነበረው 570 ሲሆን አሥር በመቶ እንደጎደለ ያውቃል።

ለመሆኑ ውጥረቱን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቀው የትኛው ክር ነው? ሰው ሠራሽ ክሮች በርካታ ቢሆኑም በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የሚመሰገነው ከእንስሳት አንጀት የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ፒየር ባቦላ የራኬት ክር ከአንጀት መሥራት ሲጀምር፣ ድርጅቱ ቀድሞ ከዚያው ጥሬ ዕቃ የሙዚቃ መሣሪያ አውታር ያዘጋጅ ነበር። የእኛም በገና አሥር አውታሮች ከበግ አንጀት ይሠራሉ። የአንጀት ክር፣ የክራር ጅማትና የአልጋው ጠፍር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ቢመስሉም ጥንካሬያቸው የሚገኘው ኮላጅን ከሚባል ከአንድ ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ጭረቶች በተፈጥሯቸው እጥፍጥፍ ስለሆኑ ሲሳቡ ይዘረጋሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ።

ጠላቱ ውኃ ነው። ውኃ በጭረቶቹ መካከል ሲገባ ያራርቃቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋል፤ ሲወጣ ይቀራረባሉ። ከበሮ በክረምት ረግቦ ፀሐይ ሲያገኝ የሚጠነክረው፣ ጠፍርም ሲደርቅ የሚወጠረው በዚሁ ጠባይ ነው። ከጉና ግርጌ ካለው ደጋ ተነሥቶ ስማዳን አቋርጦ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ በገና ደርዳሪ አየሩ ሲለወጥ መሣሪያውን እንደገና ይቃኛል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ንፋስ መውጫ በ3000 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለሆነም ኳስን የሚይዘው የአየር ግፊያ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ በባሕር ጠለል የታሸገ ኳስ በውስጡ ያለው አየር ከውጭው ጋር ያለው የግፊት ልዩነት በሲሶ ያህል ስለሚያድግ ኳሱ ይነጥራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የፈቀደው ያለ ምክንያት አይደለም። የክር ውጥረት እዚህ ላይ ይገባል። ከ254 ሳንቲ ሜትር የተለቀቀ መደበኛ ኳስ የሚነጥረው 140 ያህል ብቻ ነው፤ ከኢነርጂው ግማሽ የሚጠጋው በራሱ መጨማደድ ይባክናል። ክር ግን የተቀበለውን አብዛኛውን ይመልሳል። የላላ ክር ኳሱን ብዙ ሳይጨማደድ ስለሚቀበለው ፍጥነት ይጨምራል፤ የጠበቀ ክር ፍጥነቱን ይቀንሳል። በደጋ የሚጫወት ሰው ክሩን ጠበቅ ማድረጉ ተገቢ ነው።

ታዲያ መሣሪያውን መግዛት ያዋጣል? በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ክር ለሚበጥስ ሰው፣ እንደ እኛ አስተያየት አያዋጣም። በአንድ ከተማ ለሚገኝ ክበብ ወይም ዩኒቨርሲቲ ግን ያለ መብራት የሚሠራው ዓይነት ዋጋውን ይመልሳል፤ በዚያውም ላይ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዕቃ ይሆናል።

መሣሪያው የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ሙከራውን ማድረግ ይችላል። በወፍራም ጣውላ ላይ በሁለት ምስማር መካከል የናይለን ክር አጥብቆ ማሰር፣ ከዚያም በ1፣ በ10፣ በ100 እና በ1000 ደቂቃ ድምፁን በስልክ መለካት ነው። ክር ሲበጠስ ዓይን ይጎዳልና ፊትን ማራቅ ያሻል። ከ1 እስከ 10 ደቂቃ የወረደው፣ ከ10 እስከ 100 ከወረደው ጋር በግምት እኩል ሆኖ ይገኛል። ከአጠገቡ እርጥብ ጠፍር በተመሳሳይ መንገድ ቢታሰር፣ የሱ ድምፅ በሚደርቅበት ሰዓት ሁሉ ሽቅብ ይወጣል።